በሌለ ቧንቧ ሥር ማጎንበስ

ስለ ሴቶች ቴኒስ የሚያወሩ ሰዎችን አዘውትሬ እሰማለሁ። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ግማሾቹ ራኬት ጨብጠው አያውቁም። ወሬው ባክሃንድ ላይ ሲደርስ፣ ማለትም ኳሷ በማይመቸው ጎን መጥታ የእጅን ጀርባ አዙሮ መመለስ ሲያስፈልግ፣ ሁሉም ከአንድ መምህር የተማሩ ይመስል አንድ ነገር ይደግማሉ። ራኬቱን በሁለት እጅ ጨብጦ ኳሷን መደለቅ ዘመናዊ ነው። በአንድ እጅ ከላይ ወደ ታች ቆርጦ፣ ኳሷ መረቡን ታክካ አልፋ መሬት ላይ እንድትንሸራተት ማድረግ፣ ስላይስ የሚሉት፣ ጉልበት ላነሳት ሴት የተተወ የአሮጊት ምት ነው። በዓለም አናት ላይ ከነበሩት ሴቶች መሐል በስላይስ የኖሩ እንደነበሩ ስነግራቸው «እነሱማ ልዩ ናቸው» ይሉኛል። የማይመች ማስረጃ ሲመጣ «ልዩ ነው» ብሎ መሸኘት ጥሩ ዘዴ ነው።

እኔ ለስላይስ የምከራከረው መጽሔት አንብቤ አይደለም። አንድ ጊዜ ስሜ ሊጠፋ ሲል ያዳነልኝ እሱ ነው። «አንቺን ከቴኒስ ምን አገናኘሽ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይከፋኝም፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ እል ነበር።

ነገሩ የሆነው ቤይሩት ነው፤ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ። የሊባኖስ ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ዓይን ኤል ረማነህ በሚባለው የተጨናነቀ ሰፈር፣ ጥይት የበሳው ግድግዳ በአዲስ ቀለም በተሸፈነበት አንድ ፎቅ ላይ፣ ማዳም ኖሃ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ያልመጣልኝ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ሳላነብ የማልጥል፣ ሰው ፈገግ ሲልልኝ «ምን ፈልጎ ነው?» ብዬ የማስብ ልጅ ነበርኩ።

ማዳሜ ክፉ ሴት አልነበረችም። በእንዲህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ ማዳም የግድ ክፉ መሆን አለባት የሚል ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ። ተጠራጣሪ ነበረች እንጂ። ወተቱን ታሸታለች፤ የሥጋ ሻጩን ሚዛን ራሷ ትነካካለች፤ ባሏ ከሚሠራበት ከባሕረ ሰላጤው አገር ሲደውል ከጀርባው የሚሰማውን ድምፅ ታዳምጣለች። ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል በሩን ቆልፋ ቁልፉን ትራሷ ሥር ታስገባለች። እኔም በበኩሌ የሰጠችኝን ልብስ ለምን እንደሰጠችኝ ሳልመረምር አልለብስም። ሁለት ተጠራጣሪ በአንድ ኩሽና ስንኖር ቤቱ በጣም ሰላማዊ ነበር፤ ማንም ማንንም ስለማያምን ማንም አይታለልም።

የማዳሜ አንድያ ልጅ ሪታ ትባላለች። ገና ተማሪ፣ ክንዷ ቀጭን፣ እልኸኛ። ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ባለ ክለብ ኮች ኤሊ የሚባል ሰው ያሠለጥናታል። ሰውዬው ፈረንሳይ ተምሮ የመጣ ነው። በዚያ ዓመት ከሚያሠለጥናቸው ሴት ልጆች አንዷን መርጦ ፈረንሳይ ወዳለ የቴኒስ ትምህርት ቤት ሊልክ ነበር። ሪታ ከዚህ ሌላ ሕልም አልነበራትም፤ ክለቡ የሚሰጣት ጊዜም አልበቃ አላት።

አንድ ቀን እናቷ ጋደም ባለችበት ሰዓት፣ ሪታ በራሷ ቁልፍ በሩን ከፍታ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ ወደ ታች ይዛኝ ወረደች። ከፎቁ ሥር የመኪና ማቆሚያ አለ። ከማቆሚያው ወደ ውስጥ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ነዋሪዎቹ ከቦምብ የሚሸሸጉበት ሰፊ ክፍል አለ፤ መልጃ ይሉታል። ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ ማንም አይገባበትም።

«ማማ ይህን በር ማየት አትወድም» አለችኝ ሪታ። «ሕፃን ሆኜ እዚህ ነበር የምንኖረው። ‹ወርደሽ ካየሁሽ ራኬትሽን በመስኮት እወረውረዋለሁ፣ ቴኒስ ኸላስ፣ አበቃ› ብላኛለች።»

ይህን የነገረችኝ በሩን ከከፈተች በኋላ ነው።

ከግድግዳው ወጣ ብሎ ክፍሉን ዙሪያውን የሚከብ ወፍራም የውሃ ቧንቧ ነበር፤ በሩን እንደገቡ ፊት ለፊት ሳይቀር አግድም ያልፋል፤ ቁመቱ ልክ ግንባር ላይ ነው። መጀመሪያ ቀን ገና ስገባ ግንባሬን ገጨኝ። እብጠቱን ለማዳሜ «የቁም ሣጥኑ በር ነው» አልኳት፤ ሄዳ የቁም ሣጥኑን በር መረመረች።

በሁለት ወንበር መሐል ገመድ ወጥረን መጫወት ጀመርን። እኔ አሮጌ ራኬቷን ያዝኩ። ሪታ ኮቿ ያስተማራትን የሁለት እጅ ድለቃ ስትሞክር ኳሷ እየነጠረች ጣሪያ መታች። ክፍሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከወገብ በላይ የወጣ ኳስ ሁሉ ኪሳራ ነው። ስለዚህ መቁረጥ ጀመርን። ወደ ግራ አንድ እርምጃ፣ ጉልበት ዝቅ፣ ኳሷን መቁረጥ፣ ወዲያው አንገትን ሰበር ማድረግ፤ ካልሆነ ቧንቧው አለ። ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ስንል ሰነበትን። ስንወጣ እንዳንታይ ብለን እንለያያለን፤ መጀመሪያ ሪታ፣ ትንሽ ቆይቼ እኔ። በጣም የተጠነቀቅን መስሎን ነበር።

ያጠፋንም ይኸው ጥንቃቄ ነው። አንድ ቅዳሜ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ሴት እኔን ብቻዬን፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ ጸጉሬ ተበታትኖ ከዚያ በር ስወጣ አየችኝ። እንደ ልማዱ ማቆሚያው መግቢያ ላይ ወንበሩን አውጥቶ የተቀመጠው ደግሞ የፎቁ ጠባቂ፣ ናጡሩ፣ ማህሙድ ነው። በቅርቡ የተቀጠረ ባለ ሽበት ሶርያዊ። ሴትየዋ ሁለት ሰው አየች፣ አንድ ነገር ደመደመች፣ ወደ ማዳሜ ወጣች።

ማዳሜ ሳሎን ጠራችኝ። አልጮኸችም።

«እዚያ ታች ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቴኒስ።»

በዚያ ቤት ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። «ቴኒስ! ከናጡሩ ጋር?»

«ከሪታ ጋር፣ ማዳም።»

ሪታ ተጠራች። በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እናቷን አየች። በማግስቱ ኮች ኤሊ የሚመርጥበት ቀን ነበር።

«ማማ» አለች፣ «እኔ ወደ ታች ወርጄ አላውቅም።»

አልደነገጥኩም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህን ዓረፍተ ነገር እጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል። ያናደደኝ የጠበቅኩት መሆኑ ነው።

«ነገ ክለብ ቦርሳዋን ትሸከሚያለሽ» አለች ማዳሜ። «ሰኞ መክተብ እመልስሻለሁ። ማህሙድም ይባረራል።»

መክተብ እኛን ያስመጣን ቢሮ ነው። ከወንድ ጋር ተይዛ የተመለሰች ልጅ ሌላ ቤት አታገኝም፤ አውሮፕላን ላይ ትጫናለች፤ ወሬው ደግሞ ከአውሮፕላኑ ቀድሞ አዲስ አበባ ይገባል። እናቴ በሰፈሩ ሴቶች መሐል አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ ሴት ነበረች። እሷን ሳስብ ነው የከበደኝ። ሽማግሌው ማህሙድ ደግሞ ሲጠየቅ «እኔ ከዚያ በር ውስጥ ገብቼ አላውቅም፣ ጂን አለበት» አለ። ማዳሜ ይህን ከእኔ ቴኒስ ጋር አንድ ቦታ አስቀመጠችው።

እሑድ ክለብ ሄድን። እኛ ሠራተኞቹ ውስጥ አንገባም፤ ከሜዳው አጥር ሥር ቦርሳና ፎጣ ይዘን እንቀመጣለን። ለሌላ ቤተሰብ የምትሠራው የወሎዋ ዘይነባ አጠገቤ ነበረች። የሆነውን ነገርኳት።

«በኳስ?» አለች። «ኧረ በአላህ! ወንድ ቢሆን እኮ ቢያንስ ቀምሰሽው ነው የምትባረሪው።»

«አታስቂኝ ዘይነባ፣ ማዳሜ እየተመለከተችን ነው።»

«ትመልከት። የምን ኳስ እንደሆነ ንገሪኝ እስቲ። ያቺ የምትንሸራተተዋ? የኔዋ ማዳም እኮ የሪታን ምት ስታይ ‹የድሮ አክስቴ ነው የምትመስለው› አለች።»

ሜዳው ላይ ሪታ ከሌላ ልጅ ጋር ትጫወታለች። ኮች ኤሊ እያየ «ሁለት እጅ! ሁለት እጅ!» ይላል። እሷ የተቻላትን ያህል በሁለት እጅ ትመታለች፤ ስትጣደፍ ግን ስላይሱ ያመልጣታል። ከዚያም አንገቷን ሰበር ታደርጋለች። ኮቹ በመጨረሻ ጨዋታውን አስቁሞ አጥሩ ጋ ወዳለችው ማዳሜ መጣ። እያንዳንዱን ቃል እንሰማ ነበር።

«ማዳም ኖሃ፣ ባርዶን፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከኔ ጀርባ ሌላ አሠልጣኝ ቀጥረሻል?»

«እኔ?»

«ይህን ምት እኔ አላስተማርኳትም። ያኒ፣ ማለቴ፣ ከሰማይ አልወረደም። ደግሞ ይህ መጎንበስ ምንድን ነው? መትታ ስትጨርስ ቤተ ክርስቲያን የገባች ይመስል አንገቷን ትሰብራለች። የትኛው አሠልጣኝ ነው ይህን የሚያስተምረው?»

ለካስ እሱም ተጠራጣሪ ነው። ማዳሜ ፊቷ ቀላ። ሰውን መጠርጠር እንጂ በሰው መጠርጠርን አልለመደችም።

«ሌላ አሠልጣኝ የለም!» አለች። «ይልቅ ትልቁን ቀልድ ልንገርህ? ይህች ሠራተኛዬ፣ የት ጠፍተሽ ነበር ስላት፣ ከሪታ ጋር ቴኒስ ስጫወት ነበር አለችኝ።»

ኮች ኤሊ ዘወር ብሎ አየኝ። ማዳሜ እየዋሸችው እንደሆነ እርግጠኛ ነበር፤ ውሸቷን ሜዳ ላይ ሊያጋልጥባት ፈለገ።

«ትምጣና ትምታ» አለ። «አሁን።»

ሰዎች ከመዋኛው በኩል መምጣት ጀመሩ። ዘይነባ የሸራ ጫማዋን አውልቃ ሰጠችኝ፤ ራኬት ከተሸከምኩት የሪታ ቦርሳ ወሰድኩ። በሥራ ልብሴ፣ በዚያ ሐምራዊ ሽርጥ፣ ገብቼ አያውቅም ወደነበረው ሜዳ ገባሁ። ሪታ ከመረቡ ማዶ ቆማለች። ፊቷ ላይ ምንም ማንበብ አልቻልኩም፤ እኔ ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ የላከችው ኳስ ከፍ ብላ መጣች፤ ነጥራ ከትከሻዬ በላይ ወጣች። ራኬቴን አንሥቼ ብሞክር በጠርዙ ነክቼ ወደ ጎን ላክኋት። ሁለተኛዋም ከፍ። ከአጥር ውጭ ሰደድኳት። ሦስተኛዋን ጭራሽ አልነካኋትም። ሳቅ ሰማሁ። ማዳሜ ረጋ ብላ «መርሲ» ስትል አመሰገነች፤ ማንን እንደሆነ አላውቅም።

እንግዲህ አስቡት። እኔ በሕይወቴ ከወገብ በላይ የወጣ ኳስ መልሼ አላውቅም፤ ያ ክፍል አይፈቅድም። ይህን በዓለም ላይ የምታውቅ አንድ ሰው ብትኖር ሪታ ናት። አሁን የምትልክልኝ አንድ በአንድ እዚያ ክፍል ውስጥ ኖሮ የማያውቀውን ኳስ ነው። ሸጠችኝ፣ አልኩ በልቤ። ትናንት በአፏ፣ ዛሬ በእጇ።

«ይበቃል» አለ ኮች ኤሊ። ማዳሜን በፈገግታ አያት። «አንድ ልጨምርላት። አንቺ፣ አሁን አንቺ ጀምሪ።»

ኳስ ሰጠኝ። ለምን እንዳስጀመረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ሊያስቅብኝ ይሆናል። ታች ግን ያን ሁሉ ጊዜ ጨዋታ የምንጀምረው በአንድ መንገድ ነበር። ኳሷን ለቀቅኳት፣ ወደ ግራ አንድ እርምጃ፣ ጉልበቴን ዝቅ፣ ቆረጥኳት። መረቡን ታክካ አልፋ የሪታ ግራ ማዕዘን ላይ አረፈች። አረፈች ስል አልነጠረችም፤ ተንሸራተተች።

ስለ ስላይስ የማይነገረው ነገር ይህ ነው። ደካማ ነው ይሉታል፤ ለባላጋራ ምንም ጉልበት ስለማይሰጥ ነው። የሚደልቅ ሰው ኃይል ያቀብላችኋል፤ ትበደራላችሁ፣ ትመልሳላችሁ። ስላይስ ግን መሬት ላይ ተኝቶ ይጠይቃል፤ አንቺ ራስሽ ምን ይዘሻል? በሁለት እጅ ልታነሺው ጎንበስ እስክትዪ ያልፍሻል። ስላይስን ከሥሩ ለመመለስ ለተቻኮለች ሴት የሚቀራት ስላይስ ነው።

ሪታ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። አንዱ እጇ ራኬቱን ለቀቀ። ቆረጠች። ዝቅ ብላ መጣችልኝ፤ ይህችን አውቃታለሁ። ቆረጥኩ። ቆረጠች። ሳቁ ጠፋ። ቆረጥኩ። ቆረጠች። ኳሷ በቀዩ አፈር ላይ እየሾለከች ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ ትመላለሳለች፤ ማንኛችንም ለማሸነፍ አልመታንም። ከአጥሩ ማዶ የዘይነባ ድምፅ ብቻ ተሰማኝ።

«ኧረ ሰብለ! መቼ ነው መስገድ የጀመርሽው?»

ያኔ ነው የታወቀኝ። በእያንዳንዱ ምት አንገቴን ሰበር አደርግ ነበር። በላያችን ከሰማይ በቀር ምንም የለም።

ኮች ኤሊ እጁን አነሳ። ኳሷ መረቡ ጋ ቆመች። ፈገግታው የለም።

«ሁለታችሁም ለምንድን ነው የምታጎነብሱት?»

ይህን መመለስ የእኔ ድርሻ አልነበረም። ሪታ ራኬቷን ስታገላብጥ ቆየች፤ እናቷን አየቻት።

«ቧንቧ አለ» አለች። «ታች።»

ማዳሜ ቦርሳዋን አነሳች። «ያላ፣ ወደ ቤት። አሳዩኝ።» ተመካክረን ይሆናል ብላ ጠርጥራለች፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እጠረጥር ነበር።

ስንደርስ መብራት ጠፍቶ ነበር። ማዳሜ ማህሙድን ጠርታ ባትሪውን ይዞ እንዲከተለን አዘዘችው። ሽማግሌው የመልጃው በር ጋ ሲደርስ ፈራ ተባ አለ፤ ከኋላችን ቀረት ብሎ ባትሪውን በእኛ መሐል ወደ መሬት ያበራል። ማዳሜ በሩን ገፋችው። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ እግሯ ረግጦት የማያውቀው ክፍል ነው። ከደጃፉ ላይ ቆመች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ ገባች። እንደገባችም፣ ሳትዳስስ፣ ቀና ብላ ሳታይ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ አለፈች።

ሪታም ሰበር አድርጋ አለፈች። እኔም።

ከኋላችን «ጓ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «ያ አላህ!» አለ ማህሙድ፤ ባትሪው መሬት ላይ ተንከባለለ።

ማዳሜ ጎንበስ ብላ ባትሪውን አነሳች። መጀመሪያ ቧንቧውን አበራችበት። ቀጥሎ የማህሙድን ግንባር፣ ማበጥ ጀምሯል። ቀጥሎ በወንበሮቹ መሐል የተወጠረውን ገመድ። በመጨረሻ እኛን፣ ተራ በተራ።

«ኸላስ» አለች።

እጇን ቧንቧው ላይ አሳረፈች። «ያንቺን የሽንት ጨርቅ እዚህ ላይ ነበር የማሰጣው» አለች ለሪታ። «የሞቀ ነገር ሌላ አልነበረም።» ከዚያ ወደ ማህሙድ ዞር ብላ በቁጣ «ውጣና በረዶ አድርግበት፣ ምን ትጠብቃለህ!» አለችው። ከእሷ አፍ ይቅርታ የሚባለው ይኸው ነበር፤ እኔም የራሴን ድርሻ ከዚያው ላይ ቆንጥሬ ወሰድኩ።

ሪታ አልተመረጠችም። ኮች ኤሊ በሁለት እጅ የምትደልቅ ልጅ መረጠ፤ ስላይስ ወደፊት የለውም አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሪታን ጠየቅኳት፤ ያን ቀን ኳሶቹን ለምን ከፍ አድርገሽ ላክሽብኝ? «ኮች እያየኝ ስለነበር ነው» አለችኝ። ሊሆን ይችላል። አላመንኳትም፤ ግን ዋሸሽ ብዬም አላልኳትም። ከእሷ ጋር እስከ መጨረሻው የኖርኩት እዚያ መሐል ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ሰው ማመን ጀመርኩ ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልጀመርኩም። የተለወጠው የምጠረጥርበት ቦታ ነው። ያኔ የሰውን ቃል ስመረምር እኖር ነበር፤ ሪታ በቃሏ ካደችኝ፣ እኔ እውነቱን ተናግሬ ተሳቀብኝ፣ ማህሙድ እውነቱን ተናግሮ ጂን ያየ ቂል ተባለ። ነገሩን የፈታው ማንም ልብ ያላለው አንገት ነው። ስለዚህ እናንተ ስለ ሰው ወሬ ይዛችሁ ስትመጡ ዓይኔ አፋችሁ ላይ የማይቆየው ንቄያችሁ አይደለም። ሰውየው ጨለማ ውስጥ የት ጋ እንደሚያጎነብስ ያየ ካለ እሱን ልስማው። ስለዚያች ማዳምም እንዲሁ ነው። ያን በር ለምን እንደምትጠላ ብትነግረኝ ኖሮ አሳዘነችኝ ብዬ እረሳው ነበር። ስታጎነብስ ስላየሁ ግን አልረሳሁትም።

መልጃው ውስጥ ከገባንበት ቀን ማግስት ሰኞ ነው፤ መክተብ የምመለስበት ቀን። ምሳ በላን። ማዳሜ ስለ መክተብ ምንም ሳትል ገብታ ጋደም አለች። ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብዬ የቁልፉን ድምፅ ጠበቅኩ። አልመጣም። በሩ አልተቆለፈም። ይሄ ወጥመድ ነው፣ አልኩ። ልትይዘኝ ነው። ሪታ ራኬቱን ይዛ ኩሽናው በር ላይ ብትቆምም ከወንበሬ አልነሳም አልኳት። እሷም ወደ እናቷ ክፍል አየችና እኔው አጠገብ ተቀመጠች፤ እሷም ጠርጥራለች። እንዲህ ፈዘን ተቀምጠን ሳለ፣ ከመኝታ ክፍሉ፣ በእንቅልፍ የከበደ፣ የተነጫነጨ ድምፅ መጣ።

«ሹ? ምነው፣ ዛሬ አትወርዱም?»